በእንግሊዝ የንግግር ሕክምና ለሚፈልጉ ወገኖቼ

በእንግሊዝ ለሚኖር ወገናችን የንግግር ሕክምና፣ ማለትም ድባቴንና ጭንቀትን ከባለሙያ ጋር በመነጋገር ማከም፣ ከሚገምተው በላይ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) የንግግር ሕክምና አገልግሎት፣ ዕድሜዎ 18 ዓመት ከሞላና በጂፒ (በሰፈር ሐኪም ክሊኒክ) ከተመዘገቡ፣ ሐኪም ደብዳቤ እስኪጽፍልዎ ሳይጠብቁ ራስዎ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ቅጽ ሞልተው እንዲያመለክቱ ይፈቅዳል፤ ክፍያም የለውም። በጂፒ ለመመዝገብ የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ የአድራሻ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ስላልሆነ፣ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ምላሽ ያላገኘ ሰውም በሩ አልተዘጋበትም። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው እዚህ የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው።

ይህን እያወቁ የማይደውሉ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያታቸውም አይጠፋኝም። በአገር ቤት ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር፤ «አማኑኤል ገባ» የተባለ ሰው ስሙ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ እንዴት እንደሚነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣ፣ ያለ ምክንያት ልቡ የሚመታበት፣ ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚመሽበት ሰው ራሱን ከሕመምተኛ አይቆጥርም። ይህ አገልግሎት ግን በዋናነት የተዘጋጀው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት እያደረሰ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ እየላከ ውስጡ ለሚያልቅ ሰው።

ሁለተኛው ፍርሃት የወረቀት ጉዳይ ነው። ቴራፒስት፣ ማለትም ሕክምናውን የሚሰጠው ባለሙያ፣ የስደተኞችን ጉዳይ የሚወስነው የሆም ኦፊስ ሠራተኛ አይደለም፤ የሚነግሩትም በሕክምና መዝገብ የሚያዝ ምሥጢር ነው። ምሥጢሩ የሚከፈተው በእርስዎ፣ በሌላ ሰው ወይም በሕፃን ሕይወት ላይ ከባድ አደጋ ሲኖር ሲሆን፣ ይህንንም ባለሙያው ገና በመጀመሪያው ንግግር ላይ ይነግርዎታል። በእስር ቤት ወይም በሊቢያ መንገድ ላይ ግፍ የደረሰባቸው ወገኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተውን ፍሪደም ፍሮም ቶርቸርንና እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ውስጥ የተቋቋመውን ሄለን ባምበር ፋውንዴሽንን ስም ይያዙ፤ ሁለቱም ከሕክምናው ጎን የደረሰውን ጉዳት የሚያስረዳ የሐኪም ሪፖርት ያዘጋጃሉ። ወደ እነርሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠበቃ ወይም በጂፒ በኩል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ካመለከቱ በኋላ አንድ ባለሙያ ደውሎ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያነጋግርዎታል። ስልኩ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ደብቆ ስለሚደወል፣ የማያውቁትን ስልክ የማንሣት ልማድ ከሌለዎት በቀጠሮው ሰዓት ያንሡት፤ ሁለት ጊዜ ያመለጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ከዝርዝሩ ይወጣል። ባለሙያው ሁለት መጠይቆችን ያነብልዎታል፤ የድባቴው ዘጠኝ ጥያቄዎች፣ የጭንቀቱ ሰባት ጥያቄዎች አሉት። ሁሉም የሚጠይቁት ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው፤ መልሱም «በጭራሽ» ከሚለው 0 ተነሥቶ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» እስከሚለው 3 ይደርሳል። የድባቴው ድምር እስከ 27፣ የጭንቀቱ እስከ 21 ሲሆን፣ በመጀመሪያው 10፣ በሁለተኛው 8 የደረሰ ሰው ሕክምና የሚያሻው ችግር እንዳለበት ይቆጠራል።

የእኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በአስተርጓሚነት በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የሰማሁት ንግግር አለ። «እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ይባላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይመለሳል፤ ባለሙያው 0 ጽፎ ያልፋል። ስልኩ ሊዘጋ ሲል ግን «ብቻ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የሚነጋልኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ምስጋናው ለፈጣሪ የቀረበ እንጂ ለመጠይቁ መልስ አልነበረም፤ ወጣቱ እንግሊዛዊ ባለሙያ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ተመስገንዎን ብለው ሲያበቁ ቀጥለው በቁጥር ይናገሩ፤ በሳምንት ስንት ሌሊት እንዳልተኙ፣ ከመቼ ወዲህ ምግብ እንደማይበሉ፣ ስንት ቀን ከሥራ እንደቀሩ። ራሴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ይጫነኛል የሚሉትንም አይተዉት፤ ነገር ግን በእሱ ብቻ ካበቁ ወደ ደም ምርመራ ሊመልሱዎ ስለሚችሉ፣ ልብዎን የሚያስጨንቀውንም አብረው ይጥቀሱ።

ከድባቴው መጠይቅ ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ብዙዎች ልጆቼን ይወስዱብኛል ብለው ይክዱታል። ሐሳቡ በመምጣቱ ብቻ ልጅ አይወሰድም፣ ፖሊስም አይጠራም፤ ባለሙያው አስበውበት እንደሆነ፣ መንገዱን አዘጋጅተው እንደሆነ፣ ምን እንደያዘዎት ይጠይቃል፤ መልሱን አይቶም የሚበጀውን ያቅዳል። ሐሳቡ ወደ ዕቅድ ከተሸጋገረ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 999፣ ለአእምሮ ጤና አስቸኳይ ጉዳይ 111 ደውለው 2ን ይጫኑ። እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሳማሪታንስም በ116 123 ሌሊትና ቀን በነፃ ያዳምጣል።

ስለ አስተርጓሚ በሰፊው መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ለሥራና ለገበያ የሚበቃው ሰው እንኳ የእናቱን ሞት በእንግሊዝኛ መናገር ሲጀምር ቃል ያጥረዋል። አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብትዎ ነው፤ ሲያመለክቱ ወዲያውኑ ይጠይቁ፤ ቋንቋዎንም በስሙ ይናገሩ፤ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ብለው። («ኢትዮጵያኛ» ተብሎ የተሞላ ቅጽ በዓይኔ አይቻለሁ።) ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የአባቱን የእስር ቤት ታሪክ በራሱ አንደበት ሊያወጣው አይገባም። ሴቶች ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ። «ሐበሻው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ባገኘው ምን እሆናለሁ?» የሚለው ሥጋትም ከንቱ አይደለም፤ ባለሙያ አስተርጓሚ በምሥጢር ጠባቂነት ግዴታ የታሰረ ቢሆንም፣ በሌላ ከተማ የሚኖር አስተርጓሚ በስልክ እንዲያገናኙዎና ስምዎን እንዳይነግሩት ይጠይቁ። ንግግሩ በአስተርጓሚ ሲሆን ጊዜው ስለሚያጥር ረዘም ያለ ቀጠሮም ይጠይቁ።

ኤንኤችኤስ ባወጣው መስፈርት መሠረት ከአመልካቾቹ 75 በመቶው በ6 ሳምንት፣ 95 በመቶው በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና መጀመር አለባቸው፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ ግን ሊረዝም ይችላል። ቀለል ላለ ችግር በመጽሐፍና በስልክ የሚመራ የራስ አገዝ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከበድ ሲል ሲቢቲ የሚባለው፣ አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ የሚያተኩር ሕክምና በየሳምንቱ ይኖራል። አሰቃቂ ነገር ላጋጠመው ሰው ደግሞ ለዚያው የተዘጋጀ ሲቢቲ ወይም ኢኤምዲአር (ዓይንን እያንቀሳቀሱ አሰቃቂውን ትዝታ የሚያክሙበት ዘዴ) ይታዘዛል፤ የተለመደውም ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ነው። ቴራፒስቱ እንደ ነፍስ አባት ወይም እንደ ሽማግሌ «እንዲህ አድርግ» አይልም፤ ይጠይቃል፣ የቤት ሥራም ይሰጣል። በዚህ ተናድደው በሁለተኛው ሳምንት የሚቀሩ ስላሉ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል። ጠበልና ጸሎት ከዚህ ጋር አይጣሉም፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጠበል ሲጀምር መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አጥብቄ እለምናለሁ።

ወረፋው ረጅም ስለሆነ፣ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ኑሮው ስለሚቀጥል፣ ተመሳሳይ ነገር ካለፉ ሰዎች ጋር መገናኘት ያስፈልጋል። ማይንድ የተባለው ድርጅት በየአካባቢው ባሉት ቅርንጫፎቹ የእርስ በርስ ድጋፍ ቡድኖች አሉት፤ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ለሚሰማቸው ሰዎችም ሂሪንግ ቮይስስ ኔትወርክ የራሱ ቡድኖች አሉት። በአማርኛ መነጋገር የሚሹ ሰዎች ራሳቸው ቢጀምሩት ይቻላል፤ ማኅበርና ዕድር ማቋቋም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ በማኅበር ላይ ምክር ይበዛል፣ እዚህ ምክር መከልከል አለበት። አንዱ «ባለቤቴ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ይከብደኛል» ሲል ሦስት ሰው «አይዞህ፣ ጸልይ፣ ያልፋል» ብሎ ከተረባረበበት በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው፣ የማይለወጥ ቀንና ሰዓት፣ የተነገረው ከክፍሉ እንዳይወጣ የሚል ስምምነት፣ እንዲሁም አንድ ሰው ራሱን ሊጎዳ ከሆነ ምሥጢር እንደማይያዝ የሚገልጽ ሌላ ስምምነት ይበቃል።

ፖለቲካም በር ላይ ይቀመጥ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጥቅምት 2013 ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የተለያዩ ጓደኛሞች ምን ያህል እንደሆኑ የምናውቀው ነው፤ ወንድሙን ያጣ ሰው ሐዘኑን ሲናገር ሌላው የማን ወገን ጀመረው ብሎ ከተከራከረ ቡድኑ በዚያው ቀን ያበቃል። ይህን መቆጣጠር የማይቻል ከመሰላችሁ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር የተቀላቀለ ቡድን መግባት የተሻለ ነው፤ ሶማሊያዊና አፍጋናዊ ጎረቤት ስደትን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ቴራፒስቱ ካልተስማማዎት ሌላ እንዲመደብልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህ እንደ ስድብ አይቆጠርም። በመጨረሻው ቀጠሮ ምልክቶቹ ሲመለሱ ምን እንደሚያደርጉ የሚገልጽ ዕቅድ በጽሑፍ ስለሚሰጡ፣ ወረቀቱን በሚያገኙት ቦታ ያስቀምጡት። ሕመሙ ቢመለስም በዚያው ስልክ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ራስዎ እንደገና ማመልከት ይችላሉ፤ «ባለፈው ታክሜ ነበር» ብለው የረዳዎትን ዘዴ ከነገሩ አዲሱ ባለሙያ ከዚያ ይነሣል።