10 በ10 በረንዳ በ1 በ4 ሴራሚክ ያለ ቆረጣ ይሞላል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ድሬዳዋ ሳቢያን ያለው በረንዳችሁ 1.5 በ1.5 ሜትር፣ ሴራሚኩ 15 በ60 ሳንቲሜትር ነው ብለሃል። በስፋት ስሌት 25 ፍሬ ልክ ይበቃል፤ ታዲያ ሳይቆረጥ ለምን አይገጥምም ነው ጥያቄህ። የመጋጠሚያውን ክፍተት እንተወውና፣ አቀማመጡን በፈለግከው መንገድ ብትቀያይረውም አይገጥምም። ይህን በአልጀብራ ማረጋገጥ ይቻላል።

በረንዳውን በ15 ሳንቲሜትር ካሬ ክፈለው፤ 10 በ10 ይሆናል። ዓምዱንም ረድፉንም ከ0 ቁጠርና ዓምድ 3፣ ረድፍ 5 ላይ ያለውን ካሬ ሀ³ለ⁵ በለው፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። የተጋደመ ሴራሚክ የሚሸፍናቸው አራት ካሬዎች ሲደመሩ የ(1+ሀ+ሀ²+ሀ³) ብዜት ናቸው፤ የቆመው ደግሞ የ(1+ለ+ለ²+ለ³)። አሁን በሀም በለም ቦታ ረ²=−1 የሆነውን ኮምፕሌክስ ቁጥር ረን አስገባ። ቅንፉ 1+ረ−1−ረ=0 ስለሚሆን እያንዳንዱ ሴራሚክ የትም ቢያርፍ ዋጋው 0 ነው። የመላው በረንዳ ዋጋ ግን (1+ረ+…+ረ⁹)² ነው፤ አራት አራቱ ሲጣፉ (1+ረ)²=2ረ ይቀራል። 0ዎች ተደምረው 2ረ አይሰጡም።

ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ ይቀባና 50 ለ50 ሲሆንለት «ይቻላል» ብሎ ይደመድማል። ያ ቅብ በሀና በለ ቦታ −1 ማስገባት ነው፤ በ−1 በረንዳውም 0 ይሆናል። ውጤቱ 0 ካልሆነ አይቻልም ማለት ነው፤ 0 ከሆነ ግን ገና ምንም አልታወቀም።

የሒሳብ ሊቃውንቱ ኮንዌይና ላጋሪያስ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጡት የግሩፕ ዘዴ (እርምጃዎችን ቅደም ተከተላቸውን ጠብቆ የሚያባዛ አልጀብራ) ከዚህ ይጠነክራል፤ እኔም በጣም የምወደው እሱን ነው። በቅርጹ ጠርዝ ስትዞር ወደ ቀኝ አንድ እርምጃን መ፣ ወደ ላይ አንዱን ሰ በል፤ ወደ ግራና ወደ ታች ሲሆን መ⁻¹ እና ሰ⁻¹ ናቸው። የእያንዳንዱ ሴራሚክ ዙር 1 (ምንም እንዳልተራመድክ) እንዲሆን ስታደርግ መ⁴ሰ=ሰመ⁴ እና መሰ⁴=ሰ⁴መ ይወጣል። ስለዚህ መ⁴ እና ሰ⁴ ከሁሉም ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ። የበረንዳው ዙር መ¹⁰ሰ¹⁰መ⁻¹⁰ሰ⁻¹⁰ ወደ መ²ሰ²መ⁻²ሰ⁻² ያጥራል። መ⁴=ሰ⁴=1 ብለህ ብትጨምርበት እንኳ ከዚያ በላይ አያጥርም፤ 1 አይሆንም። በሴራሚክ የሚሞላ ቢሆን ግን ዙሩ 1 በሆነ ነበር። በዚሁ ስሌት፣ አራት ማዕዘን የሚሞላው አንዱ ጎኑ ለ4 ሲካፈል ብቻ ነው፦ 8 በ9 ይሆናል፣ 6 በ10 አይሆንም። ጥንካሬው የሚታየው በባለ ስድስት ጎን ሕዋሳት በተሠራ፣ 9 ረድፍና 45 ሕዋስ ባለው ሦስት ማዕዘን ላይ ነው። ሦስት ሕዋስ በቀጥታ መስመር በያዙ ቁራጮች አይሞላም፤ ይህን ግን በቀለም ማሳየት አይቻልም፣ በግሩፕ ይቻላል።

ለሥራው፦ 60 በ90 ሳንቲሜትር የሆኑ አራት ክፍሎችን በየማዕዘኑ፣ አንዱን አግድም ቀጣዩን ቁም እያደረጋችሁ አዙሩ። እያንዳንዱ 6 ፍሬ ይወስዳል፣ በድምሩ 24። መሃል ላይ 30 በ30 ክፍት ይቀራል፤ 25ኛውን ለሁለት እኩል ቆርጣችሁ ሙሉት። በረንዳው መሃል ምሰሶ ካለ ግን የውጪውን ጠርዝ ብቻ ይዘህ አትፍረድ፤ የዙር ስሌቱ የሚሠራው ቀዳዳ ለሌለው ቅርጽ ነው። እነዚህ 24ቱ ራሳቸው የውጪ ዙራቸው 1 ሳይሆን በትክክል ተቀምጠዋል።