መልስ፦ ቤቱን ከማስረከቤ በፊት ጽዳቱን ከየት ልጀምር?

ቅዳሜ የተከራየሽውን ቤት እንደምታስረክቢና ጽዳቱን ከየት እንደምትጀምሪ ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። መጀመሪያ ዕቃሽን አስወጪ። በካርቶን መሃል እየተሹለከለኩ ማጽዳት ትርፉ ድካም ነው። ፍሪጁን ግን ከዋዜማው ንቀይው። በረዶው ቀልጦ ወለሉን የሚያጥለቀልቀው ሁሌ ቁልፍ በምታስረክቢበት ሰዓት ነው!

ከዚያ ከላይ ወደ ታች ውረጂ፤ ወለል የመጨረሻ ነው።

ጊዜ የሚበላው ኦቨኑ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ አቡኪና ውስጡን ቀቢው፤ የሚግለውን ብረት ብቻ እንዳይነካ። አድሮ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውይው ቡናማው ቅባት አብሮት ይነሳል። እኔ አንዴ ቸኩዬ በቢላ ፍቄው፣ ለጭረቱ ከመያዣ ገንዘቤ ተቆርጦብኛል።

የሻወሩ ጫፍ ነጭ ነገር ከጋገረ ኮምጣጤ በፌስታል አድርገሽ እሰሪበትና አንድ ሰዓት ተይው። ኮምጣጤና በረኪና ግን በፍጹም እንዳይገናኙ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ቀልድ አይደለም።

የምስማር ቀዳዳ ከመድፈንሽ በፊት ውልሽን እዪ። ስትጨርሺ እያንዳንዱን ክፍል በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርም ጭምር።