«ክላስ 2» እና «አርቲ 1»፦ ሁለቱም ሐኪሞች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ በላይኛው ክራንቻ ላይ ድድ ሸሽቷል። አንዱ ሐኪም ካርዱ ላይ «ሚለር ክላስ 2» ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ደግሞ «አርቲ 1» አለ። ተሽሎኝ ነው ወይስ አንዱ ተሳስቷል?

ቁጥሩ ስላነሰ ተሻለዎት ማለት አይደለም፤ የተሳሳተ ሰውም ላይኖር ይችላል። ሁለቱ የድድ ሽሽትን የሚመድቡ የተለያዩ አመዳደቦች ናቸው («አርቲ» የእንግሊዝኛው RT ነው፣ «የሽሽት ዓይነት» ማለት)፣ አንድ ጥርስ በአንደኛው 2 በሌላኛው 1 ቢባል የሚጋጭ ነገር የለውም። ምክንያቱ የሚገባን ግን መጀመሪያ ምን እንደሚለካ ካየን ነው።

መነሻው ኢናሜሉ፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ ነጭ ሽፋን፣ አልቆ የጥርሱ ሥር የሚጀምርበት መስመር ነው። ጤነኛ ድድ ይህን መስመር ሸፍኖ ይቀመጣል። የድዱ ጠርዝ መስመሩን አልፎ ወደ ሥሩ ሲሄድ ድድ ሸሸ ይባላል። ሐኪሙ ፕሮብ በሚባለው፣ ሚሊ ሜትር በተሰመረበት ቀጭን ዘንግ ሁለት ነገር ያነባል፦ ከመስመሩ እስከ ድዱ ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ ከዚያም ከጠርዙ እስከ ኪሱ (በድዱና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት) ወለል ያለውን ጥልቀት። የሁለቱ ድምር ድዱ ከጥርሱ ጋር የነበረው ቁርኝት ምን ያህል እንደጠፋ ይነግረናል። 4 ሚ.ሜ. ሸሽቶ ኪሱ 1 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ የጠፋው 5 ሚ.ሜ. ነው። ኪስ ብቻ የሚያነብ ሰው ግን «1 ነው፣ ምንም የለበትም» ብሎ ያልፈዋል። ልኬቱ በአንድ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ ይወሰዳል፣ በውጭ በኩል ሦስት፣ በውስጥ በኩል ሦስት። በፕሮቡ የሚደረገው ግፊትም ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተጫኑት፣ በተለይ ድዱ የተቆጣ ከሆነ፣ ጫፉ ቲሹውን ወግቶ ይገባና ኪሱ ካለው በላይ የጠለቀ ይመስላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። ሚለር የተባለው የድድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው አመዳደብ ትልቅ ትኩረት የሚሰጠው ለአንድ ድንበር ነው፦ ሐመር ሮዝ የሆነው ጠንካራ ድድ አልቆ ቀላ ያለው፣ ከንፈር ሲሳብ አብሮ የሚንቀሳቀሰው ሥጋ የሚጀምርበት። ሽሽቱ እዚህ ድንበር ካልደረሰና በጥርሶቹ መሃል ያለው አጥንትና ድድ ካልጎደለ ክላስ 1 ነው። ድንበሩ ላይ ከደረሰ ወይም ካለፈው፣ መሃሉ ግን ሙሉ ከሆነ ክላስ 2። ድንበሩ ላይ ደርሶ መሃሉም ከጎደለ ወይም ጥርሱ ከቦታው ከወጣ ክላስ 3፤ ጉድለቱ በጣም ከባድ ከሆነ ክላስ 4 ይሆናል። የዚህ አመዳደብ ድክመት ሥራ ላይ ቶሎ ይታያል። ድንበሩን ሁሉም ሰው አንድ ቦታ ላይ አያየውም። መሃሉ የጎደለ፣ ሽሽቱ ግን ድንበሩ ያልደረሰ ጥርስም የት እንደሚመደብ ግልጽ አይደለም።

ካይሮ የተባለው ጣሊያናዊ የድድ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው አመዳደብ ድንበሩን ትቶ በጥርሶቹ መሃል ያለውን ብቻ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ዓለም አቀፍ የድድ በሽታዎች አመዳደብም የተቀበለው ይህንኑ ነው። በጥርሶቹ መሃል የጠፋ ቁርኝት ከሌለ አርቲ 1። ካለና ከፊት በኩል ከጠፋው ጋር እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ አርቲ 2። ከበለጠ አርቲ 3። የእርስዎ ክራንቻ ከፊት 5 ሚ.ሜ. ጠፍቶበት መሃሉ ሙሉ ከሆነ አርቲ 1 ነው። መሃሉ ላይ 3 ቢነበብ አርቲ 2፣ 6 ቢነበብ አርቲ 3 ይሆን ነበር። በዚህ መንገድ ሲታይ የሚለር ክላስ 1ም ክላስ 2ም አርቲ 1 ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱ ሐኪሞች የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ በጥርሶቹ መሃል ያለው አልተነካም።

ቁጥሩ የሚነግረን በዋናነት ሥሩን በቀዶ ሕክምና ምን ያህል መልሶ መሸፈን እንደሚቻል ነው እንጂ ሽሽቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አይደለም። 6 ሚ.ሜ. የሸሸ አርቲ 1 ሙሉ በሙሉ የመሸፈን ተስፋ ሊኖረው ይችላል። 2 ሚ.ሜ. ብቻ የሸሸ አርቲ 3 ግን ሙሉ ሽፋን አይጠበቅለትም፤ የሚተከለውን ድድ ከግራና ከቀኝ የሚደግፈው ስለሌለ። አርቲ 2 መካከለኛ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከፊል ሽፋን ይገኛል።

ስለዚህ «አርቲ 1» ብቻውን የተሟላ ምርመራ አይደለም። የድዱ ውፍረት መታየት አለበት፦ ፕሮቡ ኪሱ ውስጥ ገብቶ በድዱ ሥጋ በኩል ጥላው ከታየ ድዱ ቀጭን ነው፣ 1 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በታች፤ የሚቀጥለው ሽሽትም እሱን ነው የሚፈልገው። የቀረው ጠንካራ ድድ ስፋትም ይለካል። ድንበሩ ካልታየ ሐኪሙ የፕሮቡን ጎን አጋድሞ ለስላሳውን ሥጋ ወደ ጠርዙ ይገፋዋል፤ የሚጨማደደው ክፍል የሚያቆምበት ቦታ ድንበሩ ነው። የሥሩም ገጽ አይረሳም፦ መነሻ መስመሩ ይታያል ወይስ በቡርሽ ፍትጊያ ጠፍቷል? ከ0.5 ሚ.ሜ. የጠለቀ የተቦረቦረ እርከን አለው? መስመሩ ከጠፋ ሐኪሙ ከጎረቤት ጥርስ ወይም ከሌላው ጎን አቻው ይገምተዋል፤ ግምቱ ሲስት ሽሽቱም አብሮ ይስታል።

ሌላው በጣም የሚያሳስተው የልኬቱ ጊዜ ነው። ያበጠ ድድ ሽሽቱን ይደብቃል። የጥርስ ድንጋይ ካለ ደግሞ ፕሮቡ እሱ ላይ ቆሞ ኪሱን ያሳጥረዋል። ከታጠበ በኋላ እብጠቱ ሲወርድ ሥሩ ይገለጥና «እጥበቱ ድዴን አሸሸው» ይባላል፤ ሽሽቱ ግን ድሮም ነበር። ለማነጻጸር የሚሆነው ልኬት ከእጥበቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ የተወሰደው ነው። ሽሽቱ ከፊት በኩል ብቻ ከሆነም መንስኤው የቡርሽ አያያዝ፣ የጥርሱ አቀማመጥ ወይም የከንፈር ጅማት ሊሆን ይችላል፣ የድድ በሽታ አለ ማለት ብቻ አይደለም። መሃሉ ሲጎድል ነው ራጅ ታይቶ አጥንቱ የሚጠየቀው።

ቀጣይ ቀጠሮዎ ላይ ከቁጥሩ በተጨማሪ የስድስቱን ቦታ ንባብ፣ የቀረውን ጠንካራ ድድ ስፋትና ቀኑ ያለበት ፎቶ ይጠይቁ። ከስድስት ወር በኋላ ያው ሐኪም በዚያው ዓይነት ፕሮብ ቢለካው ይመረጣል፤ በሁለት እጅ መካከል የ1 ሚ.ሜ. ልዩነት የሚጠበቅ ስለሆነ ብቻውን «እየባሰ ነው» አያሰኝም።