መልስ፦ የአቅርቦት መስተጓጎልና ከገበያ የሚሰበሰቡ መድኃኒቶች፣ እንዴት ላጥናው?

ሰላም ወንድሜ። ለማስተርስ ጽሑፍህ የአቅርቦት መስተጓጎል መድኃኒቶች በጥራት ጉድለት ከገበያ እንዲሰበሰቡ ያደርግ እንደሆነ ለማጥናት፣ በአዲስ አበባ በፒያሳና በሜክሲኮ አካባቢ ላሉ የመድኃኒት አስመጪዎች መጠይቅ ልትበትን እንዳሰብክ ጽፈሃል። መጠይቁን ተወው። «የአቅርቦት ችግር ገጥሞዎታል?» ብትል ሁሉም «አዎ» ይልሃል፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ የምታነጻጽረው አይኖርም።

የምትቆጥረው ድርጅቱን ሳይሆን ባቹን፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተውን መድኃኒት ይሁን። ለእያንዳንዱ ባች ትእዛዝ የተሰጠበትን፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) የተከፈተበትን፣ ጅቡቲ የደረሰበትንና መጋዘን የገባበትን ቀን፣ አምራቹንም መዝግብ። አምራች የተቀየረበትን ባች ለይተህ ምልክት አድርግበት። እጥረት ሲመጣ ገዢው ወደማያውቀው አቅራቢ ይዞራል፣ ፍተሻውም ይቸኩላል፤ ጥናትህ ትኩረት ሊያደርግ የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሄፓሪንን ተመልከት። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ጥሬ ዕቃው የሚገኘው ከአሳማ አንጀት ነው። ቻይና ውስጥ የአሳማ በሽታ ተዛምቶ ጥሬ ዕቃው ሲያጥርና ሲወደድ፣ ኦቨርሰልፌትድ ኮንድሮይቲን ሰልፌት የሚባል ርካሽ ነገር ተቀላቀለበት። የዚያን ጊዜ መደበኛ ምርመራ ከሄፓሪን ሊለየው አልቻለም። ሰዎች ሞቱ፤ ሻጩ የአሜሪካ ኩባንያ ባክስተር ምርቱን ከገበያ የሰበሰበው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

ከእጥረቱ እስከ መሰብሰቡ ብዙ ጊዜ እንዳለፈ ልብ በል። የአንድ ወር መዘግየትን በዚያው ወር ከገበያ ከተሰበሰቡት መድኃኒቶች ጋር ብታዛምድ ምንም ላታገኝ ትችላለህ፤ የ3፣ የ6 እና የ12 ወር ልዩነት እየሰጠህ ሞክረው።

ደግሞ ብዙ መድኃኒት ከገበያ የሰበሰበ ድርጅት ጥራቱ የወረደ ነው ብለህ አትደምድም። ምናልባት አጥብቆ የሚፈትሸው እሱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከገበያ መሰብሰቡን ማን እንደጀመረው፣ አምራቹ፣ አስመጪው ወይስ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በተለየ ዓምድ አስፍር።