የቶርኔዶ ትንበያ ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄ፦ የትንበያ ባለሙያዎች ከባሕር የሚነሣ ግዙፍ አውሎ ነፋስ የት እንደሚደርስ ከቀናት በፊት ሲናገሩ እንሰማለን። ስለ ቶርኔዶ፣ ማለትም ከነጎድጓድ ደመና ወደ መሬት ስለሚወርደው ኃይለኛ አዙሪት ነፋስ ግን ማስጠንቀቂያው የሚሰጠው ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው ይባላል። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው? ትንበያውስ ስንት በመቶ ትክክል ይሆናል?

መልስ፦ ሁለተኛውን ጥያቄዎን ማስቀደም ይሻላል፤ «ስንት በመቶ» የሚለው መለኪያ በዚህ ጉዳይ አሳሳች መሆኑ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታልና። በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል ያገለግል የነበረው ጆን ፊንሊ እ.ኤ.አ. በ1884 የቶርኔዶ ትንበያን በሙከራ ጀምሮ ነበር፤ ውጤቱ ሲሰላም ከ2,803 ትንበያዎቹ 96.6 በመቶው ትክክል ሆኖ ተገኘ። ተቺዎች ግን ሰውየው ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ ሁልጊዜ «ቶርኔዶ የለም» ቢል ኖሮ 98.2 በመቶ ያገኝ እንደነበር አሳዩ። ክስተቱ እጅግ ብርቅ በመሆኑ «የለም» ማለት ብቻውን ከፍተኛ ነጥብ ያስገኛል። ሊታይ የሚገባው ፊንሊ «ይመጣል» ያለባቸው 100 ትንበያዎች ናቸው፤ ከእነዚህ የሠመሩት 28 ብቻ ነበሩ።

ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ከሚሰጡ አሥር የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያዎች ሰባት ያህሉ ቶርኔዶ ሳይከተላቸው ያልፋሉ። ይህን አይቶ «ምንም አልተሻሻለም» ማለት ግን ስሕተት ነው፤ የፊንሊ ትንበያ ሰፊ ግዛትን የሚሸፍን ነበር፣ የዛሬው ማስጠንቀቂያ ግን በአንድ ደመና መንገድ ላይ ያለውን ጠባብ ቦታ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ የሚመለከት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ የባሕሩ አውሎ ነፋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ስፋት ያለውና ለቀናት የሚቆይ ስለሆነ ሳተላይት ይከታተለዋል። ቶርኔዶ ግን ወርዱ ብዙውን ጊዜ በሜትር የሚለካ ሲሆን አብዛኞቹ አሥር ደቂቃ እንኳ አይቆዩም። ስለዚህ ከቀናት በፊት የሚተነበየው ቶርኔዶው ሳይሆን የሚወልደው ሁኔታ ነው፤ ይኸውም ከታች ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከላይ ቀዝቃዛ አየር፣ እንዲሁም ከፍታ በጨመረ ቁጥር አቅጣጫውንና ፍጥነቱን የሚለዋውጥ ነፋስ ሲገናኙ ማለት ነው። በኦክላሆማ ግዛት ኖርማን ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ የማዕበል ትንበያ ማዕከል አደጋ ሊኖርባቸው የሚችሉ አካባቢዎችን እስከ ስምንት ቀን አስቀድሞ ያመለክታል።

አስቸጋሪው የመጨረሻው ደረጃ ነው። የነፋስን እንቅስቃሴ ከርቀት የሚለካው ዶፕለር ራዳር በነጎድጓድ ደመና ውስጥ የሚሽከረከረውን አየር ያሳያል፤ ይሁን እንጂ ከሚሽከረከሩት ደመናዎች አብዛኞቹ ቶርኔዶ አይወልዱም፣ የትኛው እንደሚወልድ ቀድሞ የሚለይ አስተማማኝ ምልክትም ገና አልተገኘም። በዚህ ላይ የምድር ቅርጽ ክብ በመሆኑ የራዳሩ ጨረር 100 ኪሎ ሜትር ሲርቅ ከመሬት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ቶርኔዶው የሚፈጠርበትን የታችኛውን አየር አያየውም። በመስክ ተሰማርተው በዓይናቸው የሚከታተሉ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። በውጤቱ ማስጠንቀቂያው ቶርኔዶውን በአማካይ የሚቀድመው በአሥር ደቂቃ ገደማ ነው።

ባለሙያው የሐሰት ማስጠንቀቂያን ለመቀነስ ማስረጃው እስኪጠነክር ቢጠብቅ እነዚህ ጥቂት ደቂቃዎችም ይጠፋሉ፤ ከአሥር ሰባቱ በከንቱ የሚሰጡትም ከዚህ የተነሣ ነው።