ለጁገል የማኅበረሰብ ቱሪዝም ማኅበር ገንዘብ ከየት ይጀመር?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ በቱሪዝም ማኔጅመንት ተመርቀሻል። በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ ጌ ጋራቸውን (የሐረሪ ባህላዊ ቤታቸውን) ለእንግዳ የከፈቱ እናቶች፣ ሙዳይ ሰፊዎችና ወጣት አስጎብኚዎች ተሰባስበው «ገንዘብ አፈላልጊልን» ብለውሻል፤ አንቺ ደግሞ ይህ ሥራ ይሆነኝ ይሆን ብለሽ ጠይቀሻል። ይሆንሻል። የቱሪዝም ዕውቀት ያለው ብዙ ነው፤ ሒሳብ ይዞ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

ለጋሽ ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት ወጪውን ለሁለት ክፈዪው፤ ገቢ የሚያመጣና የማያመጣ ብለሽ። ፍራሽ፣ አንሶላ፣ የውኃ ሮቶ እንግዳ ሲከፍል ዋጋቸውን ይመልሳሉ። እነዚህ በመዋጮ ወይም በብድር ይገዙ። የአስጎብኚ ሥልጠና፣ የጋራ መጸዳጃ፣ የቆሻሻ አወጋገድ ጥቅማቸው ለሰፈሩ ሁሉ ነውና ዕርዳታ የሚጠየቀው ለእነርሱ ነው። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው ይህን ሲገለብጠው ነው፤ በዕርዳታ ገንዘብ ደመወዝ ይከፍላል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሠራተኛው ይበተናል።

ምዝገባው የገንዘቡን በር ይወስናል። ትርፍ ለአባላት መከፋፈል ካለበት በአዋጅ 985/2009 የኅብረት ሥራ ማኅበር ይሻላል። በአዋጅ 1113/2011 እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ብትመዘገቡ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ይፈቀዳል፤ ትርፉን ግን ለአባላት ማከፋፈል አይቻልም፤ ድርጅቱ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ከሆነም የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። አፎቻችሁ፣ ማለትም የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር፣ በንግድ ፈቃድ ቦታ አይቆምም። ሆኖም ታማኝ ገንዘብ ያዥ ለመምረጥ ከእርሱ የተሻለ ቦታ የለም። የባንክ ሒሳቡ ግን በማኅበሩ ስም፣ በሦስት ፈራሚዎች ይከፈት፤ በአንድ ሰው ስም ከተከፈተ ማንም ለጋሽ ገንዘብ አያስገባበትም።

ሐረር ውስጥ ወለድ የማይፈልጉ አባላት ብዙ ስለሆኑ ሙራባሃን እወቂው። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ይሸጥላችኋል። ጥሬ ገንዘብ ስለማይሰጥ ለደመወዝ አይሆንም። ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ይዛችሁ ሂዱ፤ ዕቃውን አስቀድማችሁ ከገዛችሁት ባንኩ የሚሸጥላችሁ ነገር አይኖርም።

ከሁሉ ርካሹ ገንዘብ የእንግዳ ቅድመ ክፍያ ነው። ለሐረሪዎች የሸዋሊድ በዓል ሰሞን ከአስጎብኚ ድርጅቶች ጋር ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ተዋውላችሁ 30 በመቶ ተቀበሉ፤ አንሶላውን በእርሱ ግዙ። የእንግዳው ክፍያ ክፍፍልም በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። ለምሳሌ ከ1,500 ብር 900 ለቤቷ ባለቤት፣ 300 ለአስጎብኚ፣ 150 ለጽሕፈት ቤት፣ 150 ለማኅበሩ ፈንድ። 200 እንግዳ ቢመጣ ፈንዱ 30,000 ብር ይይዛል። ይህ ገንዘብ ፕሮፖዛላችሁ ላይ «የራስ መዋጮ» ሆኖ ይገባል።

ከዕርዳታ ምንጮች በተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም በኩል የሚተዳደረውን የዓለም የአካባቢ ፈንድ አነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ተመልከቺ። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ይሰጣል፤ ጣሪያው ለረጅም ጊዜ ለአንድ ፕሮጀክት 50,000 ዶላር ነበር። የሚጠይቀው የአካባቢ ጥቅም ነውና «ቱሪስት እናበዛለን» ብላችሁ አትጻፉ፤ የስፌት ሣሩን ምንጭ መጠበቅ፣ ከጁገል የሚወጣ ፕላስቲክ መቀነስ ብላችሁ ጻፉ። መዋጮ በዓይነትም ይቈጠራል፤ የ12 ሰው የ10 ቀን ጉልበት 120 የሥራ ቀን ነው፣ በቀን ዋጋ አባዝታችሁ አስገቡት።

ጁገል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የሸዋሊድ በዓል ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ለፕሮፖዛል ትልቅ ጉልበት ይሆናሉ፤ ግን ያስገድዳሉም። ግድግዳ መንካት፣ መጸዳጃ መጨመር የክልሉን ባህልና ቅርስ ቢሮ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የፈቃዱን ደብዳቤ ሳታያይዙ ብታስገቡ ገንዘቡ ቢፈቀድም ግንባታው ይቆማል።

ገንዘቡ የሚለቀቀው በዙር ነው። የመጀመሪያው ዙር ደረሰኝ ካልተሟላ ሁለተኛው አይመጣም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የፕሮፎርማ ዋጋ ቶሎ ይሻራልና በበጀቱ ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ ያዢ።

የራስሽን ክፍያ በተመለከተ፣ «ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻ ትወስጃለሽ» ቢሉሽ አትስማሚ። ለጋሾች እንዲህ ያለውን ኮሚሽን ከዕርዳታው እንዲከፈል አይፈቅዱም፤ በኦዲት ከተገኘም ማኅበሩ ይመልሰዋል። ከጽሕፈት ቤቱ ድርሻ የሚከፈል ወርኃዊ ደመወዝ በጽሑፍ ተዋዋዪ።