«ልጄ ይፈርም ወይ?» እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ በአሜሪካ ኮሌጆች የሚጫወቱና የሚሮጡ ልጆች በስማቸው፣ በፎቷቸውና በዝናቸው ገንዘብ ስለማግኘታቸው። ወጣቶቹ «ኤን አይ ኤል» የሚሉት ነው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄ ኮሌጅ አንደኛ ዓመት ነው፤ አገር አቋራጭ ይሮጣል። አንድ ድርጅት በኢንስታግራም አግኝቶት ‹1,500 ዶላርና ጫማ እንሰጥሃለን፣ ይህን ፈርም› ብሎ ውል ላከለት። እሱ ቸኩሏል። ይፈርም ወይ?» አንዲት እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ዛሬ አይፈርም። ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያንብብልዎትና እያንዳንዱን አንቀጽ በአማርኛ ያስረዳዎት። ማስረዳት ያቃተው አንቀጽ ካለ፣ እሱም አልገባውም ማለት ነው።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ሦስት ገጽ ውል ከስኒዎቹ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። ልጅቷ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ክፍያው 400 ዶላር፣ ሥራው ሁለት አጫጭር ቪዲዮ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ድርጅቱ ስሟን፣ ፊቷንና ድምፅዋን «በመላው ዓለም፣ ያለ ጊዜ ገደብ» እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ አንድ መስመር አለ። አባቷ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እንዳሳረፉ «ያለ ጊዜ ገደብ ማለት እስክትሞት ነው?» አሉኝ። ከሞተችም በኋላ ነው። ቶናው ሳይቀዳ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ «ለአንድ ዓመት ብቻ ይሁን» ብላ ጻፈችላቸው፤ በማግስቱ አስተካክለው ላኩ። ለካ የቀረው መጠየቅ ብቻ ነበር!

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጊዜውን እዩ። ቀጥሎ፣ ከሌላ ድርጅት ጋር እንዳይሠራ ያግደዋል ወይ? ኮሌጁ ራሱ ከአንድ የጫማ ኩባንያ ጋር ውል ካለው፣ ልጅዎ የሌላውን ጫማ ለማስተዋወቅ ሲፈርም ከሁለቱም ጋር ሊጋጭ ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ወደፊት ከሚያገኘው ላይ ድርሻ የሚጠይቅ ውል ነው። ለፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ይጫወት የነበረው ጀርቮን ዴክስተር በ2022 ከአንድ ድርጅት 436,485 ዶላር ተቀበለ። በምትኩ ፕሮፌሽናል ሲሆን ከታክስ በፊት ከሚያገኘው 15 በመቶውን ለ25 ዓመት ሊሰጥ ፈረመ። በቀጣዩ ዓመት «ውሉ ይፍረስልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ሃያ ዓመት ላይ ያለ ልጅ 25 ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም ከየት ያውቃል? እኛ ነን የምናውቀው።

ሲፈርምም፣ ኮሌጁ ዲቪዥን ዋን (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ከሆነ፣ ከ2025 ክረምት ጀምሮ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ «ኒል ጎ» በሚባለው መመዝገቢያ መግባት አለበት። ከመፈረሙ በፊት የኮሌጁን የስፖርት ደንብ ቢሮ ያነጋግር፤ ምክሩ በነፃ ነው።

«ነፃ ትምህርት፣ ነፃ ምግብ፣ ነፃ መኝታ አላቸው። እኛ ሌሊት ታክሲ እየነዳን ነው የተማርነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አንድ አባት፣ ዳላስ

ወንድሜ፣ ድካምዎን አውቃለሁ። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። በሙዚቃ ችሎታው ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ ዘፈኑን ቢሸጥ የሚከለክለው አልነበረም። እርስዎም ታክሲ ሲነዱ የነዱበትን ተከፍለዋል። በገዛ ስሙ አንድ ዶላር እንዳያገኝ የተከለከለው ስፖርተኛው ብቻ ነበር።

ነገሩ ወለል ብሎ የታየው በኤድ ኦባነን ነው። በ1995 ዩ ሲ ኤል ኤ የተባለውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በቅርጫት ኳስ የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ካደረጉት ተጫዋቾች ዋነኛው ነው። ከዓመታት በኋላ ላስ ቬጋስ አካባቢ መኪና ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ወዳጁ ቤት ሄዶ የወዳጁ ልጅ የሚጫወተውን የቪዲዮ ጌም ቢያይ፣ ስክሪኑ ላይ የሚሮጠው እሱ ራሱ ነው፦ ራሰ በራ፣ ግራኝ፣ 31 ቁጥር ማልያ። ስሙ አልተጻፈም፤ ግን ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ጌሙ በገንዘብ የተገዛ ነው፣ ለእሱ ግን ቤሳ ቤስቲን አልደረሰውም። በ2009 ከሰሰ፤ በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ኤን ሲ ኤ ኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) የውድድር ሕግ ጥሷል ብለው ፈረዱ።

«ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከየት እንደመጣ ቢያውቁ ያዝናሉ። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የሚባል፣ በኮሎራዶ አገረ ግዛት ለሚገኝ ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት ወጣት ሜዳ ላይ ራሱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ እንደ ሠራተኛ የጉዳት ካሳ ይከፈለኝ አለች። የአገረ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ፉትቦል የኮሌጁ ሥራ አይደለም» ብሎ ባዶ እጇን መለሳት። የያኔው የኤን ሲ ኤ ኤ መሪ ዋልተር ባየርስ ስያሜውን ያስፋፉት፣ ተጫዋቾቹ ሠራተኛ ናቸው እንዳይባልና ካሳ እንዳይጠየቅ መሆኑን ኋላ ላይ ራሳቸው ጽፈዋል።

የእኛንም ልጅ ያሬድ ንጉሤን ያስቡ። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ኬንታኪ የተወለደ፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ ያመጣ። በ2019 ለኖትር ዳም እየሮጠ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሲሆን፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ 100 ዶላር ቢሰጠው የመወዳደር መብቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ካሊፎርኒያ ይህን የሚሽር ሕግ ያወጣችው በዚያው ዓመት ነው። በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ክስ 9 ለ0 በኤን ሲ ኤ ኤ ላይ ፈረደ፤ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሐምሌ አንድ ቀን፣ በሩ ተከፈተ። የኮሌጅ ፉትቦል ቪዲዮ ጌምም በ2024 ሲመለስ፣ ለመታየት የፈቀደ ተጫዋች 600 ዶላርና አንድ ቅጂ አገኘ። ትንሽ ነው። ግን ተጠይቆ ነው፣ ፈርሞ ነው።

«እህቴ በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ኮሌጅ ገብታ ትሮጣለች። ጓደኞቿ በማስታወቂያ ገንዘብ ያገኛሉ። እሷስ?» ከአዲስ አበባ

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የስፖርቱ ደንብ በ2021 ሲላላ የቪዛ ሕጉ አብሮ አልተለወጠም። ስኮላርሺፑ ችግር የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ሆና ለክፍያ ማስታወቂያ መሥራት ግን ያልተፈቀደ ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ የሚመጣው መዘዝ ደግሞ ቪዛዋን እስከማጣት ይደርሳል። የኮንጎው ተወላጅ ኦስካር ቺብዌ በ2022 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ያደረገውን ልንገርዎት፦ የኬንታኪ ቡድን በነሐሴ ወደ ባሃማስ ሲሄድ የማስታወቂያ ሥራውን እዚያ ሠራ። በአገሩ ላይ ምርጡ ተጫዋች ነህ የተባለ ልጅ ፎቶ ለመነሳት ባሕር መሻገር ነበረበት! ያንገበግበኛል፤ ግን ሕጉ ይኸው ነው። እህትዎ በኮሌጁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮና በኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታስመረምር ምንም አትቀበል፤ «ነፃ» የተባለ ጫማም ቢሆን ለማስታወቂያ ከሆነ ክፍያ ነው።

«የልጄ 8,000 ዶላር ላይ ታክስ አለ?» አትላንታ

አለ። ልጅዎ እንደ ነጋዴ ነው የሚቆጠረው፤ ከገቢ ግብሩ ሌላ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ገደማ ይከፍላል። ከሢሶው ያላነሰውን ሌላ አካውንት ውስጥ ያስቀምጥና አይንካው። የተሰጠው ዕቃም በዋጋው ገቢ ነው። ደግሞ እንደ ፔል ግራንት ያለ በገቢ የሚወሰን እርዳታ ካለው፣ ይህ ገንዘብ ፋፍሳ (የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው) ላይ ይታያልና አስቀድመው የእርዳታ ቢሮውን ይጠይቁ።

«ኮሌጆች ራሳቸው መክፈል ጀመሩ ይባላል። ለሯጮች ይደርሳል?» ሲያትል

እውነት ነው፤ በሰኔ 2025 እኚያው ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ባጸደቁት ስምምነት አንድ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል። ግን ብዙው የሚሄደው ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ሯጮችን ይበልጥ የሚነካው ሌላ ነው፦ ስምምነቱን የተቀበለ ኮሌጅ የቡድን አባላት ቁጥር ጣሪያ አለበት፤ በአገር አቋራጭ 17። ያለ ስኮላርሺፕ እየሮጡ ቦታ ለማግኘት ይታገሉ የነበሩ ልጆች ቦታቸው ጠቧል። ይህ ያሳስበኛል፤ የእኛ ልጆች ብዙዎቹ የሚገቡት በዚያች በር ነውና። ኮሌጅ ስትመርጡ አሰልጣኙን «ስንት ሰው ትይዛላችሁ?» በሉት።

«አሰልጣኙ 20,000 ዶላር እናገኝልሃለን ብሎታል፤ በቃል ነው። እንመን?» ሚኒያፖሊስ

በ2024 ማቲው ስሉካ የሚባል የላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ቡድኑን ጥሎ ወጣ። የእሱ ወገን 100,000 ዶላር በቃል ተገብቶልን አልተከፈለንም አሉ፤ በዩኒቨርሲቲው ወገን ደግሞ እንዲህ ያለ ውል የለም ተባለ። ወረቀት ስላልነበረ ማንም ማንንም ማሳመን አልቻለም። ልጅዎ ዛሬ ማታ ለአሰልጣኙ እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «ስለነገሩኝ 20,000 ዶላር አመሰግናለሁ። ማን እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍልና ከእኔ ምን እንደሚጠበቅ በጽሑፍ ቢልኩልኝ ከወላጆቼ ጋር አየዋለሁ።»